ሰኞ በክሌም ክፍል

ካዛንቺስ በነበረው የመድን ድርጅታችን ቅርንጫፍ ሰኞ ጠዋት ከሌላው ቀን ሁሉ ይለይ ነበር። ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ የተጋጨው፣ ቆሞ የተገጨው፣ ስፖኪዮው ሌሊት የተነቀለበት፣ ፓራውልቱን በሲባጎ አስሮ የመጣው ሁሉ በሩ ሳይከፈት ደረጃው ላይ ይጠብቃል። በ2005 ዓ.ም. የካሳ ጥያቄ ወደሚስተናገድበት ወደ ክሌም ክፍል ስዛወር አለቃዬ መጀመሪያ የነገሩኝ ነገር፣ "ቅጽ ከመስጠትሽ በፊት ውሃ ስጪ" የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው። መኪና የተጋጨበት ሰው፣ ምንም ሳይጎዳ ቢተርፍ እንኳ፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል። የራሱን ታርጋ ቁጥር ተሳስቶ የሚጽፍ ስንቱን አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ወግ አለው። ቅጹ ይሞላል፤ የመንጃ ፈቃድና የሊብሬ ኮፒ ይያያዛል፤ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን አንስቶ ከሆነ ሪፖርቱ ይጠበቃል። መሐንዲሳችን ወጥቶ መኪናውን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ጋራዦች ፕሮፎርማ ያስገባሉ፤ የተመረጠው ይሠራል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ገቢው አደጋ መድረሱን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው እኔ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ነበር፤ አንዳንዱም ሳምንት አልፎበት፣ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ካስፈታ በኋላ።

ውሃው ተጠጥቶ ትንፋሽ ሲመለስ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነው። "እህት፣ ክሌም ባደርግ ለከርሞ ይጨምርብኛል?"

ይህን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰልኝ መጽሐፍ አልነበረም። የመለሰችልኝ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ክፍሉን የያዘች ባልደረባዬ ናት። ኮምፒውተሩን ትታ በእርሳስ፣ ደንበኛው እያየ፣ ወረቀት ላይ ታሰላለች። አንድ ቀን ቪትዝ ይዛ የመጣች የባንክ ሠራተኛ ነበረች። ግቢዋ ስትገባ የበሩ ምሰሶ የኋላ በሯን ፈግፍጎታል። ጋራዥ 5,000 ብር ብሏታል። ውሏ ላይ የመጀመሪያውን 1,500 ብር ራሷ ትችላለች፤ ኤክሰስ የምንለው ነው። ስለዚህ ከእኛ የምታገኘው 3,500 ብር ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት ክሌም ሳታደርግ በመቆየቷ 40 በመቶ ቅናሽ ላይ ደርሳለች፤ ሙሉ ዓረቦኗ 12,000 ሲሆን የምትከፍለው 7,200 ነበር። ክሌም ካደረገች ቅናሹ በሙሉ ይነሳል። ለከርሞ 12,000 ትከፍላለች። በሚቀጥለው 10,800፣ ከዚያ 9,600፣ ከዚያ 8,400 እያለች፣ ወደ ነበረችበት የምትመለሰው በአምስተኛው ዓመት ነው። ባልደረባዬ ልዩነቶቹን አንድ በአንድ ጻፈቻቸው፤ 4,800፣ 3,600፣ 2,400፣ 1,200። ድምሩ 12,000 ብር ሆነ። "3,500 ልስጥሽና 12,000 ልቀበልሽ?" አለቻት።

የቅናሹ ደረጃ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ የእኛ ይህን ይመስል ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቅጹን ሳትሞላ ሄደች። በሩን ከኪሷ አሠራችው። ከዚያ በኋላ እኔም እርሳስ ያዝኩ። ሥራ አስኪያጃችን ክሌም ስለቀነሰለት ደስ ይለዋል፣ ደንበኛውም ገንዘቡ ስለተረፈለት ደስ ይለዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስደሰት የሚቻልበት ጊዜ በመድን ሥራ ብዙ አይደለምና ያን ሥራ እወደው ነበር።

ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ያኔ ዝም ብሎ ከኪስ መሥራት መብትን መጣል ነው። እኛ ለደንበኛችን ከፍለን በእሱ እግር ተተክተን ጥፋተኛውን ወይም የጥፋተኛውን መድን ድርጅት እንጠይቃለን፤ ሕጉ ይፈቅድልናል። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ የደንበኛው ቅናሽ አይነካም ነበር። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የትራፊክ ሪፖርት ነው። የኛ ሰው ደግሞ ትራፊክ መጠበቅ አይወድም። መንገድ ተዘጋግቷል፣ ከኋላ ጥሩምባ ይጮሃል፣ ሁለቱ ሾፌሮች ስልክ ይለዋወጡና፣ "ነገ ጋራዥ እንገናኝ፣ አሠራልሃለሁ" ተባብለው ይለያያሉ። በነጋታው ስልኩ አይነሳም። ሰኞ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ይዘውልኝ የሚመጡ ነበሩ፤ ታርጋውን እንኳ ያልያዙ። ለነሱ ከውሃው በላይ የማደርግላቸው አልነበረኝም።

ሰፈሩም ለግጭት የተመቸ ነበር። ላይኛው በኩል ሒልተንና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ታችኛው በኩል ኡራኤልና ባምቢስ፣ መሐሉ ላይ ሁለት መኪና የማያስተላልፉ የቀበሌ መንገዶች፣ በየደጃፉ የቆመ መኪና፣ ማታ ማታ ደግሞ እስከ ንጋት የማይዘጉ ቤቶች። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ስብሰባ ሲሆን ዋናው መንገድ ይዘጋና መኪናው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያን ሳምንት የሚመጣልን ክሌም ስፖኪዮና ፓራፋንጎ ብቻ ነበር። የከተማው ቀላል ባቡር ግንባታ ሲጀመር ደግሞ የኡራኤል መንገድ ተቆፍሮ፣ አጥር ታጥሮበት፣ እግረኛው ከመኪናው ጋር አንድ መስመር ተጋራ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ ከዚያ መንገድ የመጡልኝን ወረቀቶች ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይከብደኛል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንዲት የሚኒባስ ባለቤት ላስቀድም። ባሏ ሲሞት የቀረላት አንድ ሰማያዊ ነጭ ሚኒባስ ነበር፤ ልጆቿን ያሳደገችው በእሱ ነው። ካዛንቺስ ፒያሳ ይሠራል። ሾፌሩ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፤ የተረፈው የሱና የረዳቱ ነው። እንግዲህ ገቢውን ለመሙላት መሮጥ አለበት። በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ገጨ። ከላዳ ጋር፣ ከቆመ መኪና ጋር፣ መጨረሻ ላይ የፖስታ ቤቱን ቁልቁለት ሲወርድ ከፊቱ ካለው ሚኒባስ ጋር። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ እያንዳንዱንም ክሌም አደረገች። የግል መኪና ላይ የሚሆነው ቅናሽ መነሳቱ ነው፤ የንግድ መኪና ላይ ግን ከዚያም ያልፋል። ዓመቱ ሲያልቅ የተከፈለላት ካሳ ከከፈለችው ዓረቦን በለጠ። ለእድሳት ስትመጣ ዓረቦኑ ጭማሪ ተጨምሮበት፣ ኤክሰሱም በእጥፍ አድጎ ጠበቃት።

"ልጄ፣ ኢንሹራንስ የገባሁት ሲገጭ እንድትከፍሉልኝ አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም ማለት አልችልም፤ ነበረኝ። መድን ማለት ከብዙ ሰው የተሰበሰበ ገንዘብ ነው፣ አንዱ ደጋግሞ ካወጣ ሌላው ይከፍልለታል፣ ስለዚህ ድርሻው ከፍ ይላል። ሙያው የሚለው ይህን ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ፊቷን እያየሁ ስናገረው ትክክለኛነቱ አልበቃኝም። መሪውን የያዘችው እሷ አይደለችም። ሾፌሩም ቢሆን ወንጀለኛ አልነበረም፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት መሪ ላይ የሚውል ሰው ነው። እሷ ሾፌሩን ልታባርረው መጥታ፣ ኤክሰሱን ከገቢው ላይ በየሳምንቱ እንዲከፍል ተስማምተው ሄዱ። እሱ ኤክሰሱን ለመክፈል የበለጠ መሮጥ ነበረበት። ስለ መድን ዋጋ የሚያወራ ሰው ይህን ቢያስብልኝ እወዳለሁ፤ ጭማሪው የሚያርፈው ቅጹ ላይ በፈረመው ሰው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ኡራኤሉ መንገድ።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አንድ የግንባታ የቀን ሠራተኛ ማታ ሲሻገር ተገጭቶ ሞተ። የገጨው የኛ ደንበኛ ነበር፤ የተረጋጋ፣ ጨዋ ሰው፣ ቆሞ ራሱ ሆስፒታል ያደረሰ። የሟች ወንድም ከጎጃም መጣ። ጋቢውን እንደተከናነበ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ወረቀቶቹን ይዞ፣ ከሰኞዎቹ ሰዎች መሐል ተራ ጠብቆ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠ። ከረጢቱ ውስጥ የሆስፒታሉ ማስረጃና ከትራፊክ ያገኘው ደብዳቤ ነበሩ። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። ካሳውን የሚያገኙት የሟች ሚስትና ልጆቹ ናቸው፤ ያሉት አገር ቤት ነው። ለዚያ ወረቀት ሄዶ መመለስ ነበረበት።

በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005፣ ለሞት የሚከፈለውን ካሳ ከ5,000 ብር እንዳያንስ ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ለንብረት ጉዳት ግን ጣሪያው 100,000 ብር ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ አዋጅ ውስጥ ናቸው። የተጨራመተ መኪና 100,000 ሊያስከፍል ይችላል፤ የቤተሰብ አባወራ ከ40,000 አያልፍም። ስሠለጥን ይህን አንብቤው አልፌ ነበር። ወንድምየው ፊቴ ተቀምጦ "ስንት ነው?" ሲለኝ ግን ቁጥሩን ጮክ ብዬ መናገር አቃተኝና ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ማንበብ አይችልም ነበር። ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰው አነበበለት። ወንድምየው ምንም አላለም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ከሌሎቹ ጋር ከረጢቱ ውስጥ አስገባው።

ደንበኛችንም በዚያው ሳምንት መጣ። እሱም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ለከርሞ ይጨምርብኛል ወይ የሚለውን። አልፈረድኩበትም፤ የደነገጠ ሰው የሚያውቀውን ጥያቄ ይጠይቃል። ቅናሹ እንደሚነሳ ነገርኩት። ከዚያ ግን ሌላውን ልነግረው ተገደድኩ። የአዋጁ ጣሪያ የሚገድበው መድን ድርጅቱን እንጂ የመኪናውን ባለቤት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ከሄደና ፍርድ ቤቱ ከጣሪያው በላይ ከወሰነ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው እሱ ነው። ፊቱ ተለወጠ። ንፋስ መስታወቱ ላይ የለጠፋት የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር ከሁሉም ነገር የምታድነው ይመስለው ነበር፤ እንደሱ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ስቲከሯ ለቦሎ የምታስፈልግ ወረቀት ብቻ የምትመስለውም እንዲሁ።

ነገሩ በሽማግሌ አለቀ። የኛ ደንበኛ ለለቅሶውና ለተዝካሩ ሰጠ፣ ለልጆቹም ከኪሱ ጨመረ፤ እርቁ ተጽፎ ተፈረመ። የአዋጁም ካሳ ተከፈለ። ወንድምየው ቼኩን ለመውሰድ ሲመጣ ከሟች ሚስት ጋር ነበር። የጣት አሻራዋን ስትሰጥ ጣቷን የያዝኩላት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ ፋይሉ "ተዘግቷል" ተባለ።

ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባል አለ፤ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ወደዚያ ይሄዳል። የተጎዳ ሰውም የትኛውም ሆስፒታል ቢደርስ የድንገተኛ ሕክምና ያለ ቅድመ ክፍያ እንዲያገኝ አዋጁ ያዛል፤ በዚያን ጊዜ እስከ 2,000 ብር። ይህን የሚያውቅ እግረኛ በጣም ጥቂት ነው። እኔ እንኳ ለጎረቤቶቼ በየቡናው ላይ ስናገር ኖሬ፣ አንድ ቀን ልጇ የተገጨባት ጎረቤቴ "ገንዘብ ስላልያዝኩ ቤት ልመለስ" ብላ ከሆስፒታል በር ደወለችልኝ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሰዉ ስለ ዓረቦን ጭማሪ ያለው ፍርሃት ግን አንድ ትልቅ ነገር ይጋርድበት ነበር፤ ያ ነገር ያፈጠጠው በ2016 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀደም ሲል በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሁለቱ ተደራርበው አሮጌ መኪና ሁሉ ወርቅ ሆነ። በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የአንድ መብራት ዋጋ ጠዋትና ከሰዓት ይለያይ ነበር። መኪኖቹ ውል ላይ የተጻፈላቸው ዋጋ ግን ያው የአምናው ነበር።

አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ ደንበኛ ነበሩን። ጋሼ ነው የምላቸው። ኮሮላቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚይዙት። ለረጅም ዓመታት አንዲት ክሌም አላደረጉም፤ ሲጫርባቸውም ከኪሳቸው አሠርተው፣ ደረሰኙን አምጥተው ያሳዩኝ ነበር፤ "ቅናሼን አስጠበቅሁ" እያሉ። ደግሞም ዓረቦኑ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቶኛ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ያስጽፋሉ። በሰኔ 2016 ሲያድሱ 900,000 ብር አስጻፉ። አንድ ሌላ ባልደረባዬ ከፍ እንዲያደርጉት ቢለምናቸው፣ "አልጋጭ፣ ምን አስጨነቀህ?" ብለውት ሄዱ።

በመስከረምና በጥቅምት 2017 ካዛንቺስ ፈረሰ። የጋሼም ቤት አብሮ ሄደ፤ እንደ ብዙው ጎረቤት ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ቅርንጫፋችን ዋናው መንገድ ላይ ስለነበር ለጊዜው ቆሞ ቀረ፤ በዙሪያው ግን እኛ መኪና የምንልክላቸው ትንንሽ ጋራዦች፣ ቀለም ቀቢዎቹ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ምሳ የምንበላበት ቤት አንድ በአንድ ተነሡ። ጋሼ ኡራኤልን አይተዉም ነበር። በጥር ወር አንድ ሌሊት ለኪዳን ሲመጡ፣ ቃሊቲ አካባቢ ያለ መብራት የቆመ የጭነት መኪና ሥር ገቡ። እግዚአብሔር አተረፋቸው፤ የኮሮላው ፊት ግን ከኮፈኑ እስከ ራዲያተሩ አልነበረም።

የመጡት በልጃቸው ተደግፈው ነው። ጋራዥ 420,000 ብር ብሏል። "ጊዜዬ ደረሰ፤ ስንት ዓመት የከፈልኩትን ዛሬ እወስዳለሁ" አሉ። መሐንዲሳችን የገበያ ዋጋውን አጣርቶ 1,800,000 ብር ጽፎ ነበር። የጻፉት 900,000 ነው። ግማሹን መድን ገብተዋል ማለት ነው፤ ለቀሪው ግማሽ መድን ሰጪው ራሳቸው ናቸው። አቬሬጅ የምንለው ስሌት ይህ ነው። ከ420,000 ግማሹ 210,000፤ ከዚያ ላይ 10,000 ኤክሰስ ይነሳል። 200,000 ብር።

እርሳሴን አንስቼ አሰላሁላቸው። እሳቸው ሒሳብ አዋቂ ናቸው፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ "ቅናሹንማ አስጠብቄ ነበር" አሉ። ልጃቸው መቆጣት ጀመረ፤ ገፋ አድርገው ዝም አሰኙት። "ልጅቷ ምን ታድርግ? ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።" እንዲያ ባይሉ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ዓመት ቁጥሩን እሳቸው ብቻ አልነበሩም ያሳነሱት፤ ብሩ ራሱ ከሥራቸው ተነሥቶ ሄዷል። በአንድ ክረምት ዋጋው የተናጋ ነገር ላይ፣ ውሉን በመሐል ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ለየደንበኛው ደውሎ የሚነግር ክፍል ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ለኃላፊዎቼ በጽሑፍ አመለከትኩ። ጥቂት ቆይቶ ለደንበኞች የጽሑፍ መልእክት መላክ ተጀመረ፤ ሰዉ ግን እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ያጠፋዋል።

ጋሼ በሰኔ ለእድሳት መጡ። መኪናው ከራሳቸው ቁጠባ ተጨምሮበት ተሠርቷል። 1,800,000 ብር አስጻፉ። ቅናሹ ተነሥቷል፤ የመኪናው ዋጋ በእጥፍ አድጓል፤ ዓረቦናቸው ካምናው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። በጡረታቸው የሚቻል አልነበረም፤ ልጃቸው ከፈለላቸው።

ከዚያ ወዲህ ለእድሳት የሚመጣን ሰው ሁሉ፣ ደረሰኝ ከመቁረጤ በፊት፣ "መኪናዎ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ደላላ ይደውላል፤ የሚነገረውን ዋጋ ሰምቶ ራሱ ይደነግጣል። አንዳንዱ ኮሚሽን የማገኝበት ይመስለውና ይቆጣኛል። ቪትዝ የነበራት የባንክ ሠራተኛ ዛሬም ደንበኛችን ናት፤ ባለፈው እድሳት ዋጋውን ሳልጠይቃት ጽፋ መጣች። የሚኒባሷ ባለቤት ግን መኪናዋን ሸጣዋለች። ዝቅ ያለ ዋጋ ተቀብሎ የሚጽፍላቸው ፍለጋ ወደ ሌላ ድርጅት የሚሄዱም አሉ፤ ለነሱ ስልኬን ሰጥቼ፣ ከመፈረማቸው በፊት የአቬሬጁን አንቀጽ እንዲያነቡ እለምናቸዋለሁ።